የምድጃው ውታፍ

ኦክቡን ሩዝ በለካች ቁጥር ከለካችው ላይ አንድ ማንኪያ መልሳ ትቀንሳለች። የተቀነሰችው ማንኪያ ድስት አታይም፤ ከምድጃው ጎን ወደተቀመጠው፣ አፉ ወደተሸረፈው ማሰሮ ትገባለች። ወር ሲሞላ ማሰሮው ይገለበጥና ሩዙ ለባለ ሱቁ ይሸጣል፤ ገንዘቡም እቁብ ይገባል። በምትኖርበት የሴኡል ኮረብታ ላይ እንዲህ ያለ ማሰሮ የሌላት ሴት አልነበረችም። የሌሎቹ ማሰሮ ግን እንግዳ ሲመጣ ይጎድላል፣ ልጅ ሲታመም ይጎድላል፣ ባል ሲያኮርፍም ይጎድላል። የኦክቡንን ማሰሮ እንኳን ሰው አይጥም አይደፍረውም ነበር።

ሰፈርተኛው ገብጋባ ይላታል። ቦኖው ጋ ተሰልፈው እሷ ስትደርስ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ባልዲዋን ትሞላለች። አንድ ቀን ብቻ፣ ወረፋው ረዝሞ ብርዱ ሲያንዘፈዝፋት፣ «ገብጋባ ያላችሁኝ አፍ ነገ አበድሪኝ ብሎ እንዳይመጣ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ድምፃቸውን ቀነሱ እንጂ ወሬውን አልተዉትም።

ከሁሉ የምትሳሳው ለከሰል ነው። የዚያ ሰፈር ቤቶች የሚሞቁት ከስር ነው፤ ክቡ የከሰል ጡብ ውጭ ምድጃ ውስጥ ይነድና ሙቀቱ በወለሉ ድንጋይ ስር ለስር አልፎ በወዲያኛው ግድግዳ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ምድጃው ግርጌው ላይ አየር የሚስብበት አፍ አለው። አፉ ከተከፈተ ከሰሉ ይንቦገቦጋል፣ ወለሉ ይግላል፣ ጡቡም ሳይነጋ አመድ ይሆናል። በጨርቅ ከተወተፈ ግን ሳይነድም ሳይጠፋም ያድራል፤ ታፍኖ ያደረ ከሰል ግን ጭሱ ይከብዳል። ኦክቡን ውታፏን ከባሏ አሮጌ ሸሚዝ ቀዳ የሠራችው ነው። ሌላው ቤት በቀን ሦስት ጡብ ሲበላ የእሷ ምድጃ በሁለት ይውላል፣ ያድራል። በዚህ ትኮራለች። እውነቱን ለመናገር በሌላ የምትኮራበት ነገርም አልነበራትም።

ይህ ሁሉ ለቾልጉ ነው። ቾልጉ አንድ ልጇ ነው፤ እሷና ባሏ ሳንግቤ ሥራ ፍለጋ ወደ ሴኡል ሲመጡ ደቡብ ገጠር ከአያቱ ጋር ትተውት መጡ። «ለጥቂት ወር ነው» ብለው ነበር። የሴኡል አከራይ ግን ልጅ ያለው ተከራይ አይወድም። የእነሱ አከራይ ወይዘሮ ማ ገና በመጀመሪያው ቀን «ልጅ ግድግዳ ይጭራል፣ ያለቅሳል፣ ሽንት ቤት ይደፍናል» ብላ ቁርጡን ነግራቸዋለች። ልጅ የሚያስገባ ቤት ለማግኘት ጠቀም ያለ ተቀማጭ መክፈል ያስፈልጋል፤ ያን የሚያህል ገንዘብ ደግሞ በእቁብ ካልሆነ በሌላ አይገኝም። እቁቡ የሚደርሳት በረዶው ሲቀልጥ፣ ልክ ቾልጉ አንደኛ ክፍል በሚገባበት ሰሞን ነው። መጨረሻ የሚወስድ ወለድ ስለሚታሰብለት ሆን ብላ የመጨረሻውን ተራ መርጣለች።

ባለፈው መኸር ልትጠይቀው ሄዳ ነበር። ልጁ አያቱ ቀሚስ ስር ተሸጉጦ ካያት በኋላ «እርስዎ ከረሜላ ይዘው መጥተዋል?» አላት። እናቱን አንቱ አላት። ኦክቡን ያን ቀን ሳቀች፤ ወደ ሴኡል የሚመለሰው ባቡር ውስጥ ገብታ ነው ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ያለቀሰችው። ከዚያ በኋላ የምድጃውን አፍ የምትወትፈው በሁለት እጇ ነው።

የሳንግቤ ታናሽ እህት ኢንሱክ በሩ አጠገብ ያለችውን ጠባብ ክፍል ተከራይታ አብራቸው ትኖራለች። ክፍሏ ድሮ የከሰል መጋዘን ነበረች። ኢንሱክ ዊግ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ጸጉር በመርፌ ስትቋጥር ትውላለች። ከደሞዟ ገሚሱን ለኦክቡን ትሰጣለች፣ በተረፋት ደግሞ ለቾልጉ የትምህርት ቤት ቦርሳ በዱቤ ገዝታ ግድግዳዋ ላይ ሰቅላዋለች። ሳቂታ ናት። ቁጠባ የሚባል ነገር ግን አልፈጠረባትም።

«ኢንሱክ፣ ዛሬም ረሳሽው።»

«ምኑን እትዬ?»

«ምኑን ትለኛለች ደግሞ። የምድጃሽ አፍ እንዳንቺ አፍ ተከፍቶ አደረ። ሄጄ ሳየው ጡቡ ነጭ አመድ ሆኗል።»

«ደክሞኝ ገብቼ ዝም ብዬ ተዘረርኩ። ረሳሁት እኮ።»

«ረሳሁ ማለት ከሰል አይገዛም። የቾልጉ ደብተር ነው እዚያ ውስጥ የነደደው።»

«ደብተሩንስ አላቃጠልኩትም፤ ቢበዛ እርሳሱን ነው።» ኢንሱክ ጫማዋን እያጠለቀች ትስቃለች። «እትዬ፣ አንቺ እኮ ስትቀበሪም አፈሩን ቆጥቡ የምትይ ሰው ነሽ።»

«እላለሁ። ለአንቺም ይተርፍሽ ይሆናል።»

እንዲህ እየተነካከሱ ይኖራሉ፤ ግን ይዋደዱ ነበር። ኢንሱክ ከሥራ ስትመለስ ኦክቡን የእግር ውሃ አሙቃ ትጠብቃታለች፤ ያውም ከሁለተኛው ጡብ በተረፈ ሙቀት የሞቀውን።

ብርዱ ሲገባ የኢንሱክ ክፍል ወለል ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ሰፊ አይደለም፤ ከምድጃው ወገን፣ በደንብ በሚሞቀው በኩል፣ ልክ ራሷን የምታሳርፍበት ቦታ ላይ ነው። ኢንሱክ ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማት ጀመር።

«የፋብሪካው ሙጫ ነው» አለች ኦክቡን። «ራሱን የማያመው የፋብሪካ ሠራተኛ የት አለና።»

ሳንግቤ ግን ወለሉን ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው። የአውቶቡስ ጋራዥ ሠራተኛ ነው፤ ደሞዙን በፖስታው እንደታሸገ አምጥቶ ለሚስቱ የሚሰጥ፣ የሲጋራውን እንኳን ከእሷ እጅ የሚጠብቅ ሰው። ስለ ገንዘብ አፉን አይከፍትም። ያን ቀን ግን ከፈተ።

«የቾልጉ እናት፣ በዚህ ስንጥቅ ጭስ ይገባል፤ ይህ ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ግንበኛ እንጥራ።»

ግንበኛው መጣ፤ ድንጋዩን በሙሉ አንስቶ እንደገና ካልለሰነው እንደማይሆን ተናገረ፣ ዋጋውንም ጠራ። ኦክቡን ዋጋውን ስትሰማ ፈገግ ብላ «እናስብበት» አለችው። ከዚያ ወይዘሮ ማ ዘንድ ሄደች።

«ጣሪያው የእኔ ነው፣ ወለሉ የተከራይ ነው» አለች ወይዘሮ ማ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን እሷም የራሷ ማሰሮ አላት። የእቁቡም ዳኛ እሷው ነበረች። ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ስሚኝ እስቲ የቾልጉ እናት። የዚህ ወር ባለ ተራ ልቀይር እያለች ነው። ለምን አንቺ አትወስጂውም? ወለሉን ታስጠግኛለሽ፣ ቀሪውን ባንክ ታስቀምጪዋለሽ» አለቻት።

«ወለዱስ እትዬ ማ?»

«ወለዱማ ይቀርብሻል። መቼም ሁለቱንም አይሆን።»

ኦክቡን ወለዱ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ አይታ በተመኘቻቸው ሁለት ክፍሎችና ኮረብታው አናት ላይ ባለች አንዲት ክፍል መካከል ያለው ልዩነት ነው። «ወለሉ ስንት ዘመን የቆየ ነው፤ በረዶው እስኪቀልጥ ይታገሳል» ብላ ተመለሰች።

ከዚያም በሩዝ ሙጫ አሮጌ ጋዜጣ በስንጥቁ ላይ ደራርባ ለጠፈች፤ በላዩ ዘይት የጠጣውን የወለል ወረቀት ዘርግታ በማንኪያ ጀርባ አሸችው። ሲደርቅ ስንጥቁ አልታይ አለ። ኢንሱክም አይታ «እትዬ፣ አንቺ እኮ ግንበኛ ነሽ» ብላ አሞገሰቻት።

ውሃ ከነባልዲው በረዶ ሆኖ የደረቀበት ሌሊት መጣ። በዚያ ምሽት ኢንሱክ ከፋብሪካው አምሽታ ገብታ፣ እራቷን እንኳን ሳትጨርስ ወደ ክፍሏ ሄደች። ኦክቡን ሰሃኖቹን አጥባ ስትጨርስ በግቢው አለፈችና ጎንበስ ብላ የኢንሱክን ምድጃ አየች። እንዳሰበችውም አፉ ተከፍቷል፤ ውስጡ ቀይ ሆኖ ይንቦገቦጋል። ውታፉን ከመሬት አነሳችና በገዛ እጇ አጥብቃ ወተፈችው። «ይህች ልጅ በረዶ ላይ ከሰል የምትበትን ናት» እያለች ገባች።

ጠዋት ቁርስ ደርሶ ኢንሱክ አልመጣችም። ኦክቡን ከማዕድ ቤት ሆና ተጣራች።

«ኢንሱክ! ፋብሪካው የአባትሽ ነው እንዴ?»

 እጇን በሽርጧ እየጠረገች ሄዳ በሩን ሳበችው። ከውስጥ የወጣው አየር ሞቅ ያለና የከበደ ነበር። ኢንሱክ ብርድ ልብሱን ረግጣ በጎኗ ተኝታለች፤ ጉንጮቿ ቀልተው፣ ከወትሮው ይልቅ ጤነኛ መስላ። ትራሷ ላይ አስመልሷታል። ኦክቡን ትከሻዋን ነቀነቀችው፤ ጭንቅላቷ ወደ ሄደበት ሄደ።

«የቾልጉ አባት!»

ሁለቱ ብብቷንና እግሯን ይዘው ወደ ግቢ አወጧት፤ አመዳይ የለበሰው አፈር ላይ በሆዷ አስተኟት። ጭስ ያፈነው ሰው አፈር እንዲያሸት ነው የሚደረገው። ወይዘሮ ማ በሌሊት ልብሷ የነጩን ኪምቺ ውሃ በጎድጓዳ ሰሃን ይዛ እየሮጠች መጣች። በረዶ የተንሳፈፈበት፣ ፍጅል ተዘፍዝፎ የኮመጠጠበት ውሃ ነው፤ ለዚህ ነገር ከእሱ የተሻለ መድኃኒት ኮረብታው ላይ ማንም አያውቅም። መንጋጋዋን ከፍተው አንቆረቆሩላት፤ ገሚሱ በአገጯ ፈሰሰ።

«ታክሲ ልጥራ» አለ ሳንግቤ። በባዶ እግሩ ነበር።

«ቆይ» አለች ኦክቡን።

«ምን እቆያለሁ? ትልቁ ሆስፒታል የኦክስጅን መሣሪያ አለ ይባላል።»

«አንዴ ቆይ አልኩህ። ውሃው ይግባላት።»

በዚያች ሰዓት ልቧ ውስጥ ምን እንደነበር ኦክቡን ኋላ ላይ ብዙ ጊዜ ፈትሻለች። ኢንሱክ እንድትሞት አልፈለገችም፤ እንዲህ ብሎ የሚጠረጥር ካለ ይፈር። እንዳትሞትባት ፈርታ ነበር። ግን ከዚያው ፍርሃት ጎን፣ የታክሲው፣ የመግቢያው፣ የአልጋው፣ የመሣሪያው ዋጋ አንድ በአንድ እየተደመረ ሲሄድ ይሰማት ነበር። ልማድ ነው፤ ዓመታት ሙሉ ስትደምር የኖረች ሴት ድምሩን እፈልጋለሁ አልፈልግም ብላ አታቆመውም።

ኢንሱክ ሳለች። እንደገና ሳለችና ዓይኗን ገለጠች። ሰማዩን፣ ቀጥሎም የኦክቡንን ፊት አየች።

«እትዬ… ሰዓት አለፈብኝ?»

ወይዘሮ ማ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ኦክቡንም እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ሳንግቤ ብቻ አልሳቀም።

«ቢሆንም እንውሰዳት» አለ።

«ዓይኗን ገለጠች እኮ። ሰው ታውቃለች፣ ሰዓት ትጠይቃለች። ከዚህ በላይ ምን ሊያደርጉላት ነው?» ኦክቡን የኢንሱክን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ታሻለች። «አይደለም ኢንሱክ? እስቲ አንቺው ንገሪው።»

«ወንድም ጋሼ፣ ገንዘብ አታባክኑ» አለች ኢንሱክ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «ራሴን ብቻ ነው ያመመኝ። የቾልጉን ቤት ገንዘብ እኔ ልበላው ነው እንዴ?»

ሳንግቤ የሚስቱንም የእህቱንም ፊት አየ። ጫማውን ፈልጎ ወደ ጋራዡ ሄደ።

ያን ቀን ኦክቡን ከማሰሮው ሁለት እፍኝ ሩዝ አወጣች። ገብስ ያልገባበት ነጭ ሩዝ ቀቅላ ለኢንሱክ በእጇ አበላቻት። ሳንግቤ ማታ ገብቶ ማሰሮውን ሲያይ የጎደለ መሆኑን ልብ አለ፤ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ነገር ነው። በነጋታው ኦክቡን ጭቃ አቡክታ ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች ራሷ መረገችው። ጭቃው እስኪደርቅ ኢንሱክ ከእነሱ ጋር ተኛች። ከዚያም ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ የጠፋው የአንድ ቀን ደሞዝ ብቻ ነው። ኦክቡን መዳኗን እያየች በልቧ አመሰገነች፤ የታክሲውና የሆስፒታሉም ወጪ ድኗል። ቦኖው ጋ ሴቶቹ ስለ ፍጅል ውሃው ሲጠይቋት ስንት ጎድጓዳ እንደጠጣች፣ እንዴት እንደሳለች፣ ምን እንዳለች በኩራት ነገረቻቸው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ከሳምንታት በኋላ፣ በብርዱ ወራት የሚውለው የዘመን መለወጫ እንዳለፈ፣ ኢንሱክ ሾርባ ላይ ሁለቴ ጨው ጨመረች። «ማንን አፍቅረሽ ነው?» ብላ ኦክቡን ቀለደችባት። ኢንሱክም ሳቀች፤ ሳቁ ግን ትንሽ ዘግይቶ መጣ። ሌላ ቀን ያለ ባልዲ ቦኖ ሄዳ ወረፋ ይዛ ተገኘች። ሌላ ቀን ደግሞ የግቢውን በር ከውስጥ ሆና እያንኳኳች ክፈቱልኝ አለች። ኦክቡን ተቆጣቻት፣ ቀጥላ ደግሞ ለምን እንደተቆጣች ራሷን ጠየቀች። ሌሊት ሌሊት ባሏ አጠገብ ተጋድማ ስለ ሌላ ነገር ታወራ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ከቀኑ እኩሌታ ላይ ክንዷን ይዛ አመጣቻት። ቀሚሷ ከፊት እርጥብ ነው።

«ከጠዋት ጀምሮ አንዱን ቦታ እየቋጠረች ነው የዋለችው» አለች ባልደረባዋ፣ ኦክቡንን ላለማየት መሬት መሬት እያየች። «ተይ ስንላት ትስቃለች። ተቆጣጣሪው ቤቷ ውሰዷት አለ።»

አሁን ታክሲ ተጠራ። ኦክቡን ታክሲ ስትሳፈር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ዋጋውንም ሳትጠይቅ ከፈለች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኖቹ ከእንቅልፍ ማጣት የቀሉ። ኢንሱክን ስሟን፣ ወሩን፣ የመጣችበትን ጠየቃት። ስሟን ብቻ መለሰች። ከዚያ ወደ ኦክቡን ዞረ።

«ጭስ አፍኗት ያውቃል?»

«አዎ። ግን ድናለች።»

«ያኔ የት ታከመች?»

«ቤት።»

«ምን ሰጣችኋት?»

«የፍጅል ውሃ» አለች ኦክቡን። ቦኖው ጋ በኩራት የተናገረችው ቃል ነው፤ እዚህ ስትለው ግን ድምጿ አልወጣ አላት።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «አንዳንዱ ሰው ነቅቶ ጤነኛ መስሎ ይከርማል» አላት ቀስ ብሎ። «ጉዳቱ ጭንቅላት ውስጥ ሆኖ ኋላ ነው የሚወጣው። ከእናንተ ሰፈር በዚህ ሰሞን እንዲህ ሆና የመጣች የመጀመሪያዋ አይደለችም።»

«ያን ቀን አምጥተናት ቢሆንስ?»

ሐኪሙ ወረቀቱን አገላበጠ። «ምናልባት» አለ።

አዎ ቢላት ታለቅስ ነበር፤ አይ ቢላት ትተነፍስ ነበር። ምናልባትን ግን የት ታድርገው? ዕድሜዋን ሙሉ የትኛውንም ነገር በልኩ ስታስቀምጥ ለኖረች ሴት፣ ልክ የሌለው ነገር ይዞ መግባት ከባድ ነው። ያን ቃል ተሸክማ ኮረብታውን ወጣች፤ እስከ ዛሬም አላወረደችውም።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር እቁቡ ደረሳት። ወይዘሮ ማ ገንዘቡን በጨርቅ ጠቅልላ ከነወለዱ አምጥታ ፊቷ አስቀመጠችው። ለወትሮው በዚህ ቀን ባለ እጣዋ ሴቶቹን ሾርባ ታበላለች፤ ዘንድሮ ግን ሾርባ ያነሳ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ማ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆማ «ያኔ ውሰጂው ብዬሽ ነበር» አለች። ወዲያው ደግሞ «አፌን ይቁረጠው» ብላ ሄደች።

ሳንግቤ ጥቅሉን አየ። ሚስቱንም አየ።

«ይህ የእሷ ነው» አለ።

 ቾልጉ አንቱ ያላት ቀን፣ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ያሉት ሁለት ክፍሎች፣ ሄዳ ከሩቅ ያየቻቸው ሰማያዊ መስኮቶች ሁሉ በኦክቡን ዓይን መጡ። ጥቅሉን አንስታ ለባሏ ሰጠችው። ከተጋቡ ወዲህ ገንዘብ ከእሷ እጅ ወደ እሱ እጅ በዚህ መጠን ሲሄድ የመጀመሪያው ነው።

ሆስፒታሉ ከጥቅሉ የሚበዛውን በላ። ኢንሱክ መሣሪያ ውስጥ ገባች፣ ወጣች፤ መርፌ ተወጋች። መራመድ ቻለች፣ ሽንቷንም መያዝ ቻለች፤ ከዚያ ወዲያ ግን የሄደው አልተመለሰም። «ከዚህ በኋላ ገንዘባችሁን ነው የምንጨርሰው፤ ውሰዷት» አለ ያ ወጣት ሐኪም፣ ደግ ሰው ስለሆነ። በተረፈው ገንዘብ ኮረብታው አናት ላይ፣ ቦኖው በማይደርስበት፣ ልጅም የታመመ ሰውም የማይጠላ አንድ ሽማግሌ ዘንድ አንዲት ክፍል ከማዕድ ቤት ጋር አገኙ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ብለው አወሩባት ቦኖው ጋ ያሉት ሴቶች። ኦክቡን ሰማች፤ ባልዲዋን ሞልታ ኮረብታውን ወጣች።

ቾልጉም መጣ። ሳንግቤ በባቡር ሄዶ አመጣው። ልጁ ለጥቂት ቀን ጥግ ይዞ ከተቀመጠ በኋላ ከማንም ቀድሞ የተጠጋው አክስቱን ነው። አክስቱ እንደሌሎቹ አዋቂዎች አይደለችም፤ አንዱን ጨዋታ ደጋግመው ቢጫወቱትም አይሰለቻትም። የገዛችለትን ቦርሳ ስታየው በየቀኑ አዲስ ነው፤ «ይህ ያማረ ቦርሳ የማን ነው?» ትለዋለች። «የኔ ነው፣ አንቺ ነሽ የገዛሽልኝ» ይላታል። «እውነትህን ነው?» ትልና ደስ ይላታል። ሥራ ስትፈታ ጣቶቿ ጭኗ ላይ ሆነው የሌለ ጸጉር በሌለ መርፌ ይቋጥራሉ።

ኦክቡን ልብስ ስፌት ሥራ ያዘች። አዲሱ ቤት በገቡ ቀን የመጀመሪያ ሥራዋ ወለሉን በሻማ እየዞረች ስንጥቅ መፈለግ ነበር። የሸሚዙን ውታፍ እዚያው አሮጌው ቤት እሳት ውስጥ ጨምራው ነው የመጣችው። አሁን የምድጃዋ አፍ ቀንም ሌትም ክፍት ነው፤ ሦስት ጡብ ይበላል፣ አንዳንድ ቀን አራት። የሰፈሩ ከሰል አመላላሽ «እትዬ፣ ሀብታም ሆኑ እንዴ?» ብሎ ቀለደባት። 

ትምህርት በተከፈተ በሳምንቱ፣ ብርዱ ተመልሶ በመጣበት አንድ ቀን፣ ኦክቡን ከስፌት ቤቱ ወደ አመሻሹ ላይ ተመለሰች። ቾልጉ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቶ ፊደል ይጽፋል፤ ኢንሱክ አጠገቡ ተቀምጣ ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች። ወለሉን በእግሯ ስትነካው እንደ ጠዋቱ አይግልም። ከቤቱም ውስጥ የምታውቀው የከበደ ሽታ የመጣባት መሰላት።

ሮጣ ወጥታ ምድጃው ስር ተንበረከከች። አፉ ላይ የሴት ካልሲ ተወትፏል። ጥብቅ ተደርጎ፣ ዙሪያው በጣት እየተጠቀጠቀ፣ ልክ እሷ ታደርገው እንደነበረው። ጎትታ አወጣችው፤ በሩንም መስኮቱንም በረገደቻቸው።

«ማነው እዚህ ነገር የወተፈው? ቾልጉ!»

«እኔ አይደለሁም እማዬ» አለ ልጁ ደንግጦ። እማዬ ማለት ከጀመረ ገና ጥቂት ቀኑ ነው። «አክስቴ ናት። ተይ ስላት እናትህ ትቆጣኛለች አለች።»

ኢንሱክ ከልጁ ኋላ በሩ ላይ ቆማለች፤ አንድ እግሯ ባዶ ነው። ሰዓቱን አታውቅም፣ ወሩን አታውቅም፣ የቦርሳውን ባለቤት አታውቅም። ፊቷ ግን በርቷል፤ ከታመመች ወዲህ እንዲህ በርቶ አያውቅም።

«እትዬ» አለች፣ «አየሽ፣ ዛሬ አልረሳሁም።»

ኦክቡን ካልሲውን በእጇ ይዛ ቆመች። ብትቆጣት ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ለምን እንዳለቀሰችም ወዲያው ትረሳለች። ብታመሰግናት ነገም ትወትፈዋለች፤ ባታመሰግናትም ትወትፈዋለች። ከጭንቅላቷ ውስጥ ይህን ያህል ነገር ሲጠፋ ይህች አንዲት ነገር ያልጠፋችው ኦክቡን በየጠዋቱ እየተቆጣች ስለተከለችባት ነው።

«አዎ» አለች በመጨረሻ። «አልረሳሽም።»

ካልሲውን አራግፋ ጎንበስ አለችና የኢንሱክን ቀዝቃዛ እግር ይዛ አጠለቀችላት። ልጁንና ኢንሱክን ሽታው ወደወጣለት ክፍል አስገብታ፣ ሳንግቤ እስኪመጣ ድረስ ብርዱ ላይ ምድጃው አፍ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ አፉ እንዳይወተፍ ጠበቀች።